ሬዲዮው «4 ዲግሪ» ካለ ድንቼን ውርጭ ይመታዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመስኖ ድንች አለማለሁ። ማሳዬ ወንዝ ዳር፣ ረባዳው ላይ ነው። ድንቹ ገና ማበብ ጀምሯል። ሰሞኑን በሬዲዮ «በሚቀጥሉት ቀናት የሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል» ሲባል ሰማሁ። ልጆቼ «ውኃ የሚረጋው በዜሮ ነው፣ አትስጋ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ግን ሌሊት ሊያጨስ ኩበት እያከማቸ ነው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጆችዎ ስለ ውኃው ልክ ናቸው። ስጋቱ ግን አለ።

ያ 4 ዲግሪ የማሳዎ ቁጥር አይደለም። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ገብተው ቢያዩ፣ ቴርሞሜትሩ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ የሰው ደረት በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ድንችዎ ደግሞ መሬት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከሳጥኑ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ሬዲዮው 4 ሲል ቅጠሉ ዘንድ ዜሮ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ታኅሣሥ «5 ዲግሪ ነው» ሲባል ሰምቼ ምንም ሳላደርግ ተኛሁ። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳዩ ጨው የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ረፋድ ላይ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ድንች እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኛ። ሃምሳ እርምጃ እንኳ የማይርቀው፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው፣ አንድ ቅጠል አልተነካም። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። የእርስዎም ማሳ እዚያው ነው ያለው።

ስለዚህ ትንበያ ሲሰሙ ቁጥሩን ብቻ ይዘው አይነሱ። ስለ ደመናና ስለ ነፋስ የሚባለውንም ያዳምጡ። ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ አየር ሰማዩን ይጠርገዋል፤ መሬት ቀን የሞቀችውን ሌሊት ሁሉንም ትለቀዋለች። ደመና ከገባ ወይም ነፋስ ካደረ ግን ስጋቱ ይቀላል፤ ነፋስ ላይኛውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ያመጣዋል።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ጭሱ ብዙ አይጠቅምም። ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ጭስ አያስቀርም። ኩበቱ ለምድጃ ይሁን።

ይልቅ ውኃ አለዎት፤ እሱን ይጠቀሙ። ጥርት ያለ ሌሊት ከመምጣቱ በፊት ጠዋት ላይ ማሳውን ያጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ፀሐይ ይይዝና ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ጭድ ካለዎት ደግሞ መሬቱ ላይ አያንጥፉት፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ያፍነዋል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በድንቹ አናት ላይ አልብሱትና ጠዋት ሞቅ ሲል ያንሱት። ጆንያም ይሆናል። ለሁሉም አይበቃም፣ አውቃለሁ። ከዝቅተኛው ቦታ ይጀምሩ።

የትኛው ነው ዝቅተኛው? ዛሬ ማታ በሁለት ዝርግ ሳህን ትንሽ ትንሽ ውኃ አድርገው አንዱን ወንዙ ዳር፣ ሌላውን ከፍ ካለው ጥግ ያስቀምጡ። ብርዱ የሚበረታው ንጋት ላይ ስለሆነ 12 ሰዓት ገደማ ሄደው ይዩ። ስስ በረዶ የጋረደውን ሳህን ካገኙ፣ ጭዱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

እንዲያው ሆኖ ከተመታ ደግሞ ቶሎ አይንቀሉት። ግንዱ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ጥቂት ቀን ይታገሡት፣ ውኃውንም አያቋርጡ።