ደመወዝ ጨምሬ ለምን ይለቃሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ምግብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ካሉኝ 14 ሠራተኞች ሦስቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተከታትለው ለቀቁ። ደመወዝ ግን ጨምሬላቸው ነበር። ሠራተኛ ከአለቃው አብልጦ የሚፈልገው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጭማሪው መልካም ነው። ሠራተኛ አብልጦ የሚፈልገው ግን የነገውን ማወቅ ነው፤ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ ያመሸበትም እንዴት እንደሚታሰብለት። በበዓል ሰሞን «ዛሬ ትንሽ ቆዩ» በየምሽቱ ከተደጋገመ፣ ልጇን ጎረቤት አስይዛ የመጣች፣ ዓባይ ማዶ የሚያደርሳት ባጃጅ የምታጣ አስተናጋጅ ጭማሪው አይታያትም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሳምንት ፈረቃ ሐሙስ ማታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይለጥፉ። ከዚያ ወዲያ የሚቀየር ካለ ጠይቀው እንጂ አዝዘው አይሁን።

አብዛኛው ቅያሜ የሚነሣው ከትርፍ ሰዓት ነው። ኃላፊው «በዓሉ ይለፍና እንተሳሰባለን» ይላል፤ ሠራተኛው በልቡ ይቆጥራል፤ የወሩ መጨረሻ ላይ የሁለቱ ቁጥር አይገጥምም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስሌቱን አስቀምጦታል። የአንዲት አስተናጋጅ የወር ደመወዝ 6,240 ብር ከሆነ፣ ለ26 ቀን ከዚያም ለ8 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቷ 30 ብር ይመጣል። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ካመሸች 30 × 1.5 × 2፣ ማለትም 90 ብር ይታሰብላታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍቷ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዲያልፍ አይፈቀድም። አንድ ደብተር ይያዙ፤ ሰዓቱን በዚያው ምሽት ይጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለነገ የተባለ ፊርማ ይረሳል።

ደግሞ እባክዎ እንግዳ ፊት አይቆጡ። ጥብሱ የዘገየው ትእዛዙ ወጥ ቤት ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ትሪ ይዛ የቆመችው ልጅ ግን ስድቡን ተሸክማ ትሄዳለች። መጀመሪያ ትእዛዙ የተጻፈበትን ወረቀት ይዩ፣ ከዚያ ለብቻዋ ያነጋግሯት።

ጥያቄ፦ የዓመት ፈቃድስ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። ገበያው በክረምት ስለሚቀዘቅዝ ግንቦት ላይ እያንዳንዱን ጠይቀው ተራውን ያውጡ፤ የፈረቃው ወረቀት አጠገብም ይለጥፉት።