የከተማ አስተዳደር መርማሪ ጽ/ቤት የምር ነጻ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄዎ እንደገባኝ የከተማዎ ምክር ቤት ማጭበርበርንና ብክነትን የሚመረምር ነጻ ጽ/ቤት ሊያቋቁም ነው፤ ረቂቅ ደንቡም ለአስተያየት ወጥቷል። እርስዎ ደግሞ የቱን አንቀጽ አጥብቄ ልመልከት ብለዋል። «ነጻና ገለልተኛ ነው» የሚለውን ይለፉትና ቀጥታ ወደ በጀቱ ይሂዱ።

ከንቲባው ወይም ምክር ቤቱ በየዓመቱ እያየ የሚመድብለት ጽ/ቤት፣ ከባድ ሪፖርት ባወጣ ማግስት መርማሪዎቹ ይቀነሱበታል። ሥራህን አትሥራ ያለው የለም፤ የሚሠራበት ሰው ግን አይኖረውም። ስለዚህ ከከተማው በጀት ለጽ/ቤቱ የሚደርሰው መቶኛ በደንቡ ይጻፍ። የአሜሪካዋ ከተማ ኒው ኦርሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ቻርተሯን (መተዳደሪያ ሕጓን) ስታሻሽል የዋና ኢንስፔክተሩና (እንዲህ ያለው መርማሪ ጽ/ቤት ኃላፊ ነው) የሥነ ምግባር ቦርዱ ድርሻ ከመደበኛ የሥራ ማስኬጃ በጀቱ ከ0.75 በመቶ እንዳያንስ ደንግጋለች። የጽ/ቤቱ ኃላፊ ስንብትም እንዲሁ መቆለፍ አለበት፦ የሥራ ዘመኑ ከከንቲባው ጋር አብሮ የማያልቅ፣ ከኃላፊነት ማንሳት የሚቻለውም በጽሑፍ በተገለጸ ጥፋት፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅና በግልጽ ችሎት ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ሰነድ የማግኘት ሥልጣን። እዚህ ላይ ብዙ ደንብ ይሳሳታል፤ «ሲጠየቅ ይሰጠዋል» ይልና ያልፋል። ሲጠየቅ የሚሰጠው የሚመረመረው ሰው ነው እኮ! በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የምትገኘው ዲክሰን 16,000 አካባቢ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። የሂሳብ ኃላፊዋ ሪታ ክረንድዌል እ.ኤ.አ. በ1990 በከተማዋ ስም አንድ የባንክ ሂሳብ ከፈተች፤ በ2012 እስክትያዝ ድረስ ከ53 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደች። የውጭ ኦዲተር በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ነገሩ የታወቀው እሷ ረጅም ፈቃድ ላይ ሳለች፣ የተካቻት ሠራተኛ የሁሉንም ሂሳቦች መግለጫ ከባንክ ስትጠይቅ ማንም የማያውቀው ሂሳብ አብሮ በመምጣቱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር በደንቡ ይግባ። አንደኛ፣ ጽ/ቤቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ለእያንዳንዱ ባንክ ራሱ ይጻፍ፦ በከተማው የግብር ከፋይ ቁጥር የተከፈቱ ሂሳቦች በሙሉ፣ የተዘጉትም ጭምር፣ ከነፈራሚዎቻቸው። መልሱ በፋይናንስ ክፍል በኩል ሳይዞር ለጽ/ቤቱ ይድረስና ከሂሳብ መዝገቡ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ተከታታይ ሳምንት ፈቃድ ይውጣ፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ይሥራው። ሥራው ተጠራቅሞ ከቆየው ግን ፈቃዱ ዋጋ የለውም።

የሂሳብ ሶፍትዌሩን በቀጥታ ማየት ከተቻለ ብዙው ፍተሻ በኤክሴል ይሠራል። ክፍያዎቹን በአቅራቢና በቀን ደርድሮ ከጨረታ ጣሪያው (ግዥው ካለፈው ጨረታ ግድ ከሚሆንበት መጠን) ጥቂት ዝቅ ያሉትን ማየት ነው፤ ጣሪያው 100,000 ሆኖ በአሥር ቀን ውስጥ 97,000፣ 96,500 እና 98,000 ለአንድ አቅራቢ ከተከፈለ ግዥው ከጨረታ ለማምለጥ ተቆርሷል። የአቅራቢዎችን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከደመወዝ ዝርዝሩ ጋር ማጋጠም። የነዳጅ መዝገቡን ከታንኩ ልክ ጋር ማስተያየት፤ 60 ሊትር የሚይዝ መኪና በአንድ ጊዜ 75 ሊትር ሊቀዳ አይችልም።

ትልቁ ገንዘብ ግን የሚፈሰው በግንባታ ነው፤ እሱም ውል ከተፈረመ በኋላ። ተጫራቹ የአፈር ቁፋሮን በርካሽ፣ የአለት ቁፋሮን በጣም ውድ ይሞላል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ አለቱ 50 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ዋጋው ዝቅ ይልና ያሸንፋል። ሥራው ሲጀመር «አለት አጋጠመን» ይባልና 50ው 900 ይሆናል። ወረቀቱ ሁሉ ፊርማ አለው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚገኝ ጥፋት የለም። መርማሪው ጉድጓዱ ሳይደፈን ቦታው ላይ ተገኝቶ መለካት አለበት፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚቀረው እንደገና መቆፈር ነው። ስለዚህ ጽ/ቤቱ መሐንዲስ ይቅጠር፤ የሂሳብ ባለሙያ ብቻውን ይህን አያየውም።

ጥቆማን በተመለከተ፣ ስም የሌለውን ጥቆማ የማይቀበል ረቂቅ ከሆነ ይቃወሙት። ማጭበርበር ከሌላው መንገድ ሁሉ ይልቅ በጥቆማ ይገኛል፤ ጠቋሚው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው የሚሠራ ሰው ስለሆነ ሥራውን ይፈራል። በቺካጎ የምክር ቤት አባላትን ይመረምር የነበረው ጽ/ቤት ተፈርሞ በመሐላ የተረጋገጠ አቤቱታ ብቻ እንዲቀበል ተገድዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘጋ። ለጠቋሚው የምስጢር ቁጥር መስጠት ይበቃል፤ በዚያ ቁጥር ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልስ ይሰጣል። ተጠርጣሪው ከመጠራቱ በፊትም ሰነዱና የኮምፒውተሩ ቅጂ ይያዝ፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ማስረጃው ይጠፋል።

በመጨረሻ፣ ሪፖርቱ ለተመረመረው ክፍል ኃላፊ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ፣ ምላሽ መጣም ቀረም፣ ለሕዝብ ይውጣ። ከስድስት ወር በኋላ ክትትል ይደረግ፤ ገንዘቡ የተመለሰበት የባንክ ደረሰኝ ወይም የተሻሻለው መመሪያ ካልተያያዘ በስተቀር በማንኛውም ግኝት አጠገብ «ተተግብሯል» ተብሎ አይጻፍ።