መልስ፦ ባጀር መግደል ወይስ መከተብ?

ሰላም ወንድሜ። «እንግሊዝ ውስጥ የከብት ቲቢን ለመግታት ባጀር መግደል ይሻላል ወይስ መከተብ?» ላልከው (ባጀር ጉድጓድ ውስጥ በቤተሰብ የሚኖር፣ ቲቢን ወደ ከብት የሚያስተላልፍ የዱር እንስሳ ነው)፣ መጀመሪያ ግድያው ከተፈጸመበት አካባቢ ውጭ የሚያመጣውን ጣጣ ማየት አለብህ። ከ1998 እስከ 2005 በተደረገው ትልቅ ሙከራ 11 ሺህ ገደማ ባጀሮች ተገድለዋል። ባጀሮቹ በስፋት በተገደሉበት ቦታ የከብቱ በሽታ ከ20 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በዙሪያው እስከ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ግን በተቀራራቢ መጠን ጨመረ። የተረፉት ክልላቸው ሲፈርስ ርቀው ይዞራሉ፣ ከሌሎች ጋር ይቀላቀላሉ። ስለዚህ እዚህም እዚያም ጥቂት መግደል ካለመግደል የባሰ ነው።

ክትባቱ ቢሲጂ ነው፤ በ2010 ተፈቅዷል። የሽቦ ወጥመዱ በሩ ሳይዘጋ ለቀናት ኦቾሎኒ ይደረግበታል፤ ባጀሩ ሲለምድ ይጠመዳል። ማለዳ ጡንቻው ላይ ይወጋል፤ ፀጉሩም ትንሽ ተቆርጦ ቀለም ይቀባል፣ በማግስቱ ቢያዝ (ኦቾሎኒ ወዳድ ነው፣ ይመለሳል!) ሁለተኛ እንዳይወጋ። የታመመውን አያድንም፤ ግልገሎች በየዓመቱ ስለሚወለዱም ሥራው በየዓመቱ ይደገማል። ከአንድ ቤተሰብ ከሲሶ በላይ ከተከተበ ግን ያልተከተቡት ግልገሎችም የመያዝ ዕድላቸው በእጅጉ ይቀንሳል።

እኔ ክትባቱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ለከብቶች የሚደረገው የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከአምስት የታመሙ ከብቶች አንዱን ገደማ ስለሚስት፣ የገዛኸውን ላም ለብቻዋ አቆይተህ በድጋሚ ሳታስመረምር ከመንጋው ከቀላቀልካት፣ የባጀር ክትባት ብቻውን አያድንህም።