የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለጉዞ የሚሆን የዝናብ ጃኬት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለጉዞ የዝናብ ጃኬት ልገዛ ስዞር አንዱ ላይ 5,000፣ ሌላው ላይ 10,000፣ ሦስተኛው ላይ 20,000 የሚል ቁጥር አየሁ። ዋጋቸውም የዚያኑ ያህል ይራራቃል። ትልቁን መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ ቁጥሩ ጨርቁ ውኃ ማስገባት ሳይጀምር የሚችለው የውኃ ዓምድ ከፍታ ሲሆን የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። 10,000 ማለት ጨርቁ ከላዩ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢያርፍበት ይችላል ማለት ነው። የዝናብ ጠብታ ብቻውን ይህን ያህል ግፊት የለውም። ግፊቱ የሚበረታው የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫን፣ እርጥብ ነገር ላይ ሲቀመጡ ወይም ሲንበረከኩ ነው። ስለዚህ ካፊያ ሲመጣ ጥላ ሥር ለሚገባ መንገደኛ 5,000 ይበቃል። ቦርሳ አዝለው ለሰዓታት በዝናብ የሚሄዱ ከሆነ ከ10,000 አይውረዱ። 20,000 የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ሳያባራ በሚዘንብበትና በተራራ ጉዞ ነው።

ብዙ ጊዜ ከጎኑ ሌላ ቁጥር ይኖራል። እሱ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ግራም የላብ እንፋሎት እንደሚያሳልፍ ይናገራል። ለተራ የእግር ጉዞ 10,000 ደህና ነው፤ ዳገት ለሚበዛበት 15,000 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። የአለካኩ ስልት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ግን የሁለት ድርጅቶችን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መፍረድ ያሳስታል።

እኛ ከቁጥሩ በፊት ስፌቱን እንዲያዩ አጥብቀን እንመክራለን። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ 20,000 የተጻፈበት ጃኬት ስፌቱ ካልታሸገ ያስገባል። ጃኬቱን ገልብጡና ከውስጥ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ የተለጠፈውን ቴፕ በጣት ተከተሉ። በርካሾቹ ላይ ቴፑ ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ይሆንና ብብትና ጎን ባዶ ይቀራል። ጫፉን በጥፍር ነካ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ አይግዙት።

ቀጥሎ ኮፍያው። አጥልቀውት ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ኮፍያው አብሮ ካልዞረና አንድ ዓይንዎን ከሸፈነ መንገድ ሲሻገሩ አደጋ ነው። ግንባሩ ላይ ጠንከር ያለ ከንፈር፣ ከኋላ ደግሞ ማጥበቂያ ገመድ ይኑረው። ከዚያ እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉ። የጃኬቱ ጫፍ ከቀበቶ በላይ ከወጣ ወይም እጅጌው ከአንጓዎ ከሸሸ የልብሱን ልክ አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ፤ ሲሞክሩትም ሹራብ ለብሰው ይሁን። ላስቲክ የተቀባ ዚፕ ውኃ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ከኋላው ወይም ከላዩ የጨርቅ ክዳን ያለው ይመረጣል።

የጨርቁ አሠራርም ይለያያል። ባለ 2 ንብርብር የሚባለው የላይኛው ጨርቅና ውኃ የሚከለክለው ስስ ሽፋን የተጣበቁበት ሲሆን ለብቻው የተንጠለጠለ ገበር አለው፤ ይመቻል፣ ግን ይከብዳል፤ ከረጠበ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ባለ 2.5 በገበር ፋንታ ከውስጥ ስስ ቅብ ያለው፣ ቀላልና የሚታጠፍ ነው፤ ሲያልብዎ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ባለ 3 ጨርቁም ሽፋኑም ገበሩም ተጣብቆ አንድ ጨርቅ የሆነ ነው፤ ዋጋው ቢወደድም ቦርሳ የሚያዝል ሰው ይህን ቢይዝ ይጠቀማል። ጎር-ቴክስ የሚለው ጽሑፍ ደግሞ የሽፋኑን ስም ነው የሚነግርዎት፤ የጃኬቱን ኮፍያና ኪስ የሚሠራው ሌላ ድርጅት ነውና ያንን ለብቻው ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ውኃ አያስገባም ብለው የሸጡልኝን ጃኬት ለብሼ ዳገት ስወጣ ሸሚዜ በሰበሰ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት ያረጠብዎት የራስዎ ላብ ነው። እርጥበቱ ጀርባንና ብብትን በሙሉ ይዞ ከሆነ ላብ ነው። በትከሻ ስፌት፣ በዚፕ ወይም በአንገት በኩል መስመር ሠርቶ ከታየ ግን አስገብቷል። ለማረጋገጥ ጃኬቱን ዘግተው ይስቀሉ፣ ከውስጥ በስፌቶቹ ላይ ሶፍት ያስጠጉ፣ ለ10 ደቂቃ ውኃ ያፍስሱበት። ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ቀዳዳውን ያሳይዎታል።

ስስ ሽፋኑ እንፋሎት የሚያሳልፈው ከውስጥ ሞቃትና እርጥብ፣ ከውጭ ደረቅና ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ሞቃትና እርጥበታማ አገር ውስጥ ይህ ልዩነት ስለሚጠፋ ውድ ጃኬትም ያልባል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ዳገት ከመጀመርዎ በፊት ይክፈቱት፣ ከውስጥም አንድ ልብስ ይቀንሱ። የጥጥ ሸሚዝ ላብ ይይዛል፤ ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ ይልበሱ።

ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ ጃኬት ላይ ውኃ ጠብታ ሠርቶ የሚንከባለለው ላዩ ላይ በተቀባው ውኃ መላሽ ቅባት ነው። ያ ቅባት ሲዳከም የላይኛው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ይጠቁራል፤ ሽፋኑ ባያስገባም እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። ብዙ ሰው ጃኬቴ አበቃለት ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ መታጠብ ብቻ የፈለገ ጃኬት መጣሉ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ልጠበው? ማጠብ ያበላሸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የሚያበላሸው አለመታጠቡ ነው። ላብ፣ የቆዳ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ጨርቁን ይጎዳሉ። ፒፋስ (ውኃንም ዘይትንም የሚመልሱ ኬሚካሎች) የሌለባቸው አዳዲሶቹ ጃኬቶች ውኃን እንጂ ዘይትን ስለማይመልሱ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ አንገትጌው ላይ ያለውን መመሪያ ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው 30 ዲግሪ ነው። ዚፑን ሁሉ ይዝጉ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቀሙ፣ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ። ማለስለሻና ማንጫ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ማለስለሻው ጨርቁ ውኃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። ከደረቀ በኋላ መመሪያው ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ያዙሩት፤ ማሽን ከሌለ ስስ ጨርቅ አልብሰው ያለ እንፋሎት በለብታ ካውያ ይተኩሱት። ውኃ መላሹን ቅባት የሚያነቃው ሙቀቱ ነው። ውኃ ጣል ሲያደርጉበት አሁንም ከጠጣ፣ ከውጭ ብቻ የሚነፋ ውኃ መከላከያ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት በከረጢቱ ታጥፎ የተቀመጠ ጃኬት ባወጣ ውስጡ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ይላላጣል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ የለውም። ውስጡ የተቀባው ፖሊዩሬቴን እርጥበትና ሙቀት ሲቆይበት ይፈርሳል፤ ማጠብም መቀባትም አይመልሰውም። ቀጣዩን ፍጹም ካደረቁ በኋላ በመስቀያ ሰቅለው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩ። የሚታጠፍበት ከረጢት ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፖንቾ አይሻልም?

መልስ፦ ትልቅ ቦርሳ አዝለው ነፋስ በሌለበት ሜዳ ከሄዱ ይሻላል፤ ቦርሳውንም ይሸፍናል፣ ከሥር አየር ስለሚገባውም አያልብም። ነፋስ ሲመጣ ግን ይገለብጠዋል። ገደላማ መንገድ፣ ብስክሌትና ሞተር ላይ አይልበሱት፤ ጨርቁ እግርና ጎማ ውስጥ ይገባል።