የሰው አገር እሑድ

ልጆቼ፣

ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ የተዘጋጁ ልጆች ሲጠይቁኝ የምሰማው ተመሳሳይ ነው፦ ስኮላርሺፑ ይበቃል ወይ? ትምህርቱ ከባድ ነው ወይ? ብርዱስ ይቻላል? ሁሉም ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ስለ ቅዳሜና እሑድ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት ቆይታዬ ለሥራዬ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝን ነገር ያገኘሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ዋግኒንገን የገባሁት በ1987 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ሆላንድ ውስጥ ራይን ወንዝ ዳር ያለች፣ በግብርና ዩኒቨርሲቲዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። የተማርኩት አፈርና ውኃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን አጥቤ በብስክሌት ወደ ገበያ እወርዳለሁ፤ ያኔ ሱቅ ቅዳሜ አመሻሽ ከተዘጋ እሑድ ስለማይከፈት ሽንኩርቱንም ምስሩንም ያኔውኑ እገዛለሁ። ከዚያ እናቴ በላከችልኝ በርበሬ ወጥ እሠራለሁ። ወጥ ቤቱን የምንጋራው ልጆች ሽንኩርቱ ሲቁላላ ብቅ እያሉ ያያሉ። እኔ ግን ሳህኔን ይዤ ክፍሌ እገባና በሩን እዘጋለሁ። እሑድ እስከ ቀትር እንቅልፍ፣ ከዚያ ወደ ቤት ደብዳቤ፣ ከዚያ ጨለማ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ዛሬም ይቆጨኛል። ማንም ስላልጠራኝ የማይፈልጉኝ መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ ሳይጠራ ይገባል፤ እነሱ ዘንድ ቀን ተቆርጦ፣ ደብተር ላይ ተጽፎ ነው። ልማዱ የተለየ መሆኑን ሳላውቅ ሰዎቹን ቀዝቃዛ አልኳቸው።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት «የዛሬ ሁለት ሳምንት ከሰዓት ቡና ና» አሉኝ። ሄድኩ። አንድ ስኒ ቡና ከአንድ ብስኩት ጋር ሰጡኝና የብስኩቱን ቆርቆሮ መልሰው ከደኑት። ሰሰቱ ብዬ አዝኜ ወጣሁ። ነገር ግን በየሁለት ሳምንቱ ጠሩኝ፤ በሄድኩ ቁጥር ሁለት ሦስት ሰዓት ያጫውቱኛል። ሰው ጊዜውን እንዲህ ከሰጠ ስስታም አይባልም።

ትውልዳቸው ዜላንድ፣ ደሴቶች የበዙበት የሆላንድ የባሕር ጠረፍ ክፍለ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ የሰሜን ባሕር ማዕበል ግድቡን ጥሶ ደሴቶቹን አጥለቀለቀ፤ ሆላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሞተ። ታናሽ ወንድማቸው ከእነዚያ አንዱ ነበር። እኔ ከመጽሐፍ የማውቀው የነፋሱን ኃይልና የግድቡን ቁመት ነበር። እሳቸው ያነሱልኝ ሌላ ነው፦ የሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘግቷል፤ ራዲዮው ሌሊት አያስተላልፍም፤ ማስጠንቀቂያው ቢወጣም ብዙው ሰው ሳይሰማ ተኝቷል።

በዚያው በ1987 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ራይንና ዋል የተባሉት ወንዞች ሞሉ። ከከተማችን ማዶ ያለውን ዝቅተኛ ምድር ጨምሮ ወደ 250,000 ሰው በጥቂት ቀናት ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ፤ ከብቱ ሳይቀር በጭነት መኪና ተጓጓዘ። ከተማው ጫፍ ካለው ኮረብታ ላይ ቆሜ ወንዙ ተንጣሎ ባሕር ሲመስል አየሁት። ግድቦቹ ቻሉት። በቀጣዩ እሑድ አሮጊቷ ቡናውን ሲቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዘንድሮ ሰው ነገረ፣ ሰውም ሰማ» አሉኝ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን መታ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በኋላ ለሥራ ስሄድ ከመለኪያዬ በፊት ሽማግሌዎቹን ፈለግኩ። ድምፁን መጀመሪያ ማን ሰማ? በስንት ሰዓት? ለማን ነገረ? እንዲህ ብሎ መጠየቅን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም።

ከአገር ልጅ ጋር መሰብሰብን አልነቅፍም፤ የሚያጽናናው እሱ ነው። ሁለቱንም ቀን ሥራ የሚገባም አለ። ቤተሰብ እጁን የሚያየውን ልጅ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ? ብቻ ከአካባቢው ሰው ጋር ለመዋል ግማሽ ቀን አስቀሩ። ስልክም ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ስላለ እሑድን ሙሉ በመንፈስ አገር ቤት መዋል ቀላል ሆኗል። ለእናታችሁ የታወቀ ሰዓት ቁረጡላት፤ ትጠብቃለችና እንዳታስቀሩባት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ውጡ። ወጥ ከሠራችሁም የክፍላችሁን በር አትዝጉ።

ደርሳችሁ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ሲያልፍ ጻፉልኝ። ምን እንደበላችሁ፣ ከማን ጋር እንደበላችሁም ንገሩኝ።