ካቢኔቱ ሳይቆም ድንጋዩ አይቆረጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወጥ ቤታችንን እያደስን ነው። ካቢኔቱ ገና እየተሠራ ነው፤ ከላይ በሚነጠፈው ድንጋይ ግን መስማማት አቃተን። እኔ ነጭ እብነ በረድ ወድጃለሁ፣ ባለቤቴ ግራናይት ካልሆነ ይላል። ድንጋይ ቆራጩ ደግሞ «የካቢኔቱን ልክ ስጡኝና ከአሁኑ ልቁረጠው፣ ሁለቱ አብረው ያልቁላችኋል» እያለን ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። በፍጹም እንዳይቆርጠው! ካቢኔት ወረቀት ላይ ያለው ልክና ግድግዳ ላይ ሲታሰር የሚኖረው ልክ አንድ አይደለም። ግድግዳም ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ጥጉ ላይ ሲደረስ ጉዱ ይታያል። እንጨት ቢስት ይላጋል፣ ድንጋይ አጥሮ ከተቆረጠ ግን አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ ካቢኔቱ ይቁም፣ ይታሰር፣ በውሃ ልክ ይፈተሽ፣ ከዚያ ቆራጩ ራሱ መጥቶ ይለካ። ሲንኩና ስቶቩም ቀድመው ተገዝተው እዚያው ይጠብቁት። የሲንኩን ልክ በስልክ መንገር አይበቃም፤ ቀዳዳው የሚወጣው ዕቃው በእጅ ተይዞ ነው።

ቀዳዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ከሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀረው ድንጋይ ቀጭን ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ደግሞ በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አጋድመው ከተሸከሙት ያ ቀጭን ቦታ በድንጋዩ በራሱ ክብደት ሊሰበር ይችላል። ሲጫንም ሲወርድም እንደ መስታወት በጠርዙ ቆሞ ይሂድ። የቀዳዳው ማዕዘኖችም ከውስጥ ክብ ይበሉ፣ ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ነው የሚነሳው። መጋጠሚያ የግድ ከሆነ ከሲንኩ ይራቅ፣ የት እንደሚያርፍም ከመቆረጡ በፊት አሳየኝ በይው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። እብነ በረድ ያምራል፣ አልከራከርሽም። ግን ዋናው ማዕድኑ ካልሳይት ነው፣ ካልሳይትን ደግሞ አሲድ ይበላዋል። የሎሚ ወይም የኮምጣጤ ጠብታ ትንሽ ከቆየበት ፈዛዛ ክብ ምልክት ይተዋል። ይህን ብዙዎች እድፍ ይመስላቸውና በሳሙና ሲፈትጉ ይውላሉ፤ እድፍ አይደለም፣ የተበላው የድንጋዩ ገጽ ራሱ ነው። ሲለር የሚባለውን መከላከያ ፈሳሽ መቀባትም ከዚህ አያድነውም፣ ሲለር የሚረዳው ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ቢላም ይጭረዋል፦ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ በየቀኑ የሚበሰልበት ቤት ከሆነና አንዲት ምልክት ባየሽ ቁጥር የምትናደጂ ከሆነ ባለቤትሽን ስሚው። የለም፣ ከነምልክቱ እወደዋለሁ ካልሽ ውሰጂው፤ ግን የማያብረቀርቀውን ምረጪ፣ ፈዛዛው ክብ እዚያ ላይ ያን ያህል አይጎላም። ከመወሰናችሁ በፊት ከሁለቱም ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱና ሎሚ ጨምቃችሁበት አሳድሩት። ጠዋት ክርክሩ ያልቃል። ግራናይቱ ላይ ውሃም ጠብ አድርጊበት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቦታው ከጠቆረ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው፣ ሲለር ይፈልጋል። ስትገዙ ደግሞ ሙሉውን ድንጋይ ቆሞ እዩት። የመዳፍ ስፋት ያለው ናሙና የድንጋዩ ሥሮች፣ ማለትም መስመሮቹ፣ እንዴት እንደሚሄዱ አያሳይም።

ጥያቄ፦ እኔ ኳርትዝ መርጫለሁ፣ ሻጩ «እሳት አይነካውም፣ ሲለርም አይፈልግም» ብሎኛል። ገጣሚዎቹም ቤት አምጥተው እዚሁ እንቁረጠው እያሉ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ችግር አለው። ይህ ፋብሪካ የሚሠራው ኳርትዝ አብዛኛውን ጊዜ 90 ከመቶ ገደማው የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ የቀረው የሚያያይዘው ሬዚን የሚባል ሙጫ ነው። ድንጋዩ ቢችለውም ሬዚኑ ሙቀት አይችልም። ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ አታስቀምጥበት፤ ቀለሙ ይለወጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሲለር አለመፈለጉ ግን እውነት ነው።

መቁረጡ ይበልጥ ከባድ ነው። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ሲሊካ የሚባል ማዕድን የበዛበት ነው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፤ ፈውስም የለውም። አውስትራሊያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ማምረትም፣ መሸጥም፣ መግጠምም የከለከለችው ቆራጮቹ እየታመሙ ስለተቸገረች ነው። ተገጥሞ የተቀመጠው አይጎዳህም፣ አትስጋ። ቆረጣው ግን ወርክሾፕ ውስጥ፣ ውሃ እየፈሰሰበት ይጠናቀቅ። ቤትህ ውስጥ በደረቁ ግራይንደር ካስነሱ አስቁማቸው፤ ቆራጮቹ ያለ ማስክ ከሆኑማ ጭራሽ።