የአህመዳባድ ድርና ማግ፦ ከአንባብያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ሕንድ ጥንታዊ ከተሞች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አብዛኞቹ በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት የምትገኘውን አህመዳባድን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ በዚህ ዕትም ሌላ ርእስ ሳልቀላቅል እነርሱኑ እመልሳለሁ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለንግድ ወደ ሙምባይ ስሄድ አራት ትርፍ ቀናት ይኖሩኛል። ወዳጆቼ «ታጅ ማሃልን ሳታይ እንዳትመለስ» ይሉኛል፤ እርስዎ ግን አህመዳባድን ደጋግመው ያነሣሉ። ምን አይተውባት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ታጅ ማሃል ያለው በሰሜን ሕንድ፣ በአግራ ስለሆነ ከሙምባይ መንገዱ ረጅም ነው። አህመዳባድ ግን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ በፈጣኑ ባቡር ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረስባታል። ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያቴ ርቀቱ አይደለም። ሱልጣን አህመድ ሻህ ቀዳማዊ በ1411 በሳባርማቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የቆረቆራት ይህች ከተማ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ለዚህም ያበቃት አንድ ዝነኛ ሕንፃ ሳይሆን፣ በቅጥር የታጠረውና ሰው እስከ ዛሬ የሚኖርበት አሮጌው ከተማ በሞላው ነው። «ፖል» የሚባሉት ሰፈሮች ወደ ውስጥ የሚገባባቸው በር አላቸው፤ ከበሩ ወዲያ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ የእንጨት ዓምድና ሰገነት ያላቸው ቤቶች፣ ከቤቶቹ ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች፣ በየሰፈሩም ለወፎች እህል የሚሰጥባቸው በምሰሶ ላይ የቆሙ ትንንሽ ማማዎች ይታያሉ። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ከ1997 ጀምሮ በየማለዳው የሚያካሂደው የእግር ጉብኝት በካሉፑር ካለው የስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነሥቶ በ1424 በተሠራውና 260 ምሰሶዎች ባሉት ታላቁ መስጊድ ስለሚያበቃ፣ በመጀመሪያው ቀንዎ ከዚያ ቢጀምሩ ይበጅዎታል።

ከተማዋ ከክር ጋር ያላት ዝምድና ከልደቷ አፈ ታሪክ ይጀምራል። ማኔክናት የተባለ ባሕታዊ ግንቡ ሲሠራ ቀን ቀን ምንጣፍ ይሠራ ነበር፤ ማታ ምንጣፉን ሲተረትረው በቀን የተገነባው ግንብም አብሮት ይፈርስ ነበር ይባላል። ማኔክ ቾክ የሚባለው ገበያ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በአህመዳባድ አንድ ኢትዮጵያዊ የሠራው መስጊድ አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ መልካም ነገር ባየን ቁጥር «የኛ ነው» የማለት ልማዳችን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎን ባደንቅም በዚህ ጊዜ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። መስጊዱ የተሠራው በ1572 እና በ1573 መካከል፣ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ጉጃራትን በያዘበት በዚያው ወቅት ሲሆን፣ ያሠራው በመጨረሻው ሱልጣን በሙዛፈር ሻህ ሣልሳዊ ዘመን የነበረው ሲዲ ሰዒድ ነው። «ሲዲ» ለአፍሪካውያን ይሰጥ የነበረ መጠሪያ ሲሆን፣ የዘመኑ ጽሑፎች እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ሀብሺ» ይሏቸዋል። ቃሉ ሐበሻ ከሚለው የመጣ ቢሆንም ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያም ወዲያ በቀይ ባሕርና በዓረብ ባሕር ንግድ የተወሰዱትን ሁሉ ያጠቃልል ስለነበር፣ «የእገሌ አገር ልጅ ነው» የሚል ሰው ከግምት ያለፈ ማስረጃ አይኖረውም። ብዙዎቹ በባርነት ተሸጠው ወታደር ሆኑ፤ ከእነርሱም ውስጥ የጦር አዛዥና ባለ ርስት እስከ መሆን የደረሱ ነበሩ። በዚህ ረገድ ስሙ ይበልጥ የገነነው ማሊክ አምባር የነበረው ግን በስም ብቻ በምትቀራረብ በሌላ ከተማ፣ ደከን በሚባለው የሕንድ ደጋ በምትገኘውና እስከ 2024 አህመድናጋር ትባል በነበረችው መሆኑን ላስታውስ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያምታቱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል።

ሁለተኛ፣ «ሠራ» እና «አሠራ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሲዲ ሰዒድ አሠራው እንጂ አልጠረበውም። የመስጊዱን የድንጋይ ፍርግርጎች ያወጣው የጉጃራት ጠራቢዎች እጅ ነው፤ ያ ጥበብ ደግሞ በሂንዱና ጃይን በሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ቤተ መቅደሶች ላይ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነው። ስለዚህ በድንጋዩ ላይ የአክሱምን ወይም የላሊበላን አሻራ የሚፈልግ ሰው ያላስቀመጠውን ይፈልጋል።

ሦስተኛው የፍርግርጎቹ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይፈረድብኝ። በኋለኛውና በጎን ግድግዳዎች ላይ በግማሽ ክብ ቅስት ውስጥ የተገጠሙ 10 የድንጋይ መስኮቶች አሉ። ከሁሉ የታወቀው ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ቅስቱን ጥግ ድረስ የሚሞሉት የዛፉ ምስል ሲሆን፣ በ1961 የተቋቋመው የአህመዳባድ የሕንድ ሥራ አመራር ተቋም ለዓርማው መነሻ ያደረገው ይህንኑ የመስጊዱን ፍርግርግ ነው። የኋላው ግድግዳ እንደ ሕንድ መስጊዶች ሁሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መካከል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ በዚያች ሰዓት ሐር በሐር ላይ የተጠለፈ ይመስለዋል። ከአጥሩ ውጭ መኪናና ባለ ሦስት እግር ታክሲ የሚተራመስበት አደባባይ ስላለ ብዙ ጎብኚ ከመንገድ ላይ ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሲዲ ሰዒድ ራሱ በ1576 አርፎ በዚያው ግቢ ተቀብሯል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቻችን ጉጃራቶች ናቸው። በመስከረም መጨረሻ ለዘጠኝ ሌሊት ጭፈራቸው፣ ቀጥሎም ለልጃቸው ሠርግ ጠርተውናል። የእነርሱን ልብስ ብለብስ ያስቀይማቸዋል? ወይስ የሐበሻ ቀሚሴን ልልበስ? ባለቤቴስ? (ከለንደን)

መልስ፦ ሁለቱ ጥሪዎች የተለያየ ልብስ ስለሚፈልጉ ለየብቻ እመልሳለሁ።

የዘጠኙ ሌሊት በዓል ናቭራትሪ፣ ጭፈራው ደግሞ ጋርባ ይባላል፤ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ሴቶች በእንስት አምላክ ምስል ወይም በመብራት ዙሪያ እያጨበጨቡ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ልብሱም ለዚህ ዙረት የተሰፋ ነው። «ቻኒያ» እጅግ ሰፊ ጉርድ ቀሚስ ነው፤ «ቾሊ» አጭር ሸሚዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ በጀርባ በኩል በክር ይታሰራል፤ በላዩ ላይ «ኦድኒ» የሚባለው ነጠላ መሰል ጨርቅ ይጣላል። በጥልፉ መካከል የሚሰፉት ትንንሽ መስተዋቶች ለባሿ በዞረች ቁጥር መብራቱን ይመልሳሉ። ወንዶች «ኬድዩ» ይለብሳሉ፤ ይህም ከደረት በታች እየሰፋ የሚወርድ፣ ብዙ እጥፋት ያለው አጭር እጀ ጠባብ ነው። ባለቤትዎ መጀመሪያ ሲያዩት ሊስቁ ይችላሉ፤ ሲጨፍሩበት ግን ለምን እንደዚያ እንደተሰፋ ይገባቸዋል። የተጋበዘ ሰው ይህን ቢለብስ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙም። በአህመዳባድ ይህ ልብስ የሚሸመተው ከማኔክ ቾክ አጠገብ በንግሥቶቹ መቃብር ዙሪያ ካሉት ሱቆችና በሎው ጋርደን የምሽት ገበያ ነው።

ሠርጉን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በሂንዱዎች ልማድ ጌጥ የሌለው ነጭ ልብስ የሐዘን ነው፤ ለእኛ የበዓል የሆነው ለእነርሱ የለቅሶ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል የጉጃራት ሙሽራ ራሷ የምትለብሰው «ፓኔታር» ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ሲሆን፣ በልማዱ የሚያመጣላት የእናቷ ወንድም ነው፤ ከሙሽራው ቤተሰብ ደግሞ «ጋርቾላ» የሚባለው ቀይ ይሰጣታል። እንግዲህ ነጩ ብቻውን አይደለም ችግሩ። በእኔ አስተያየት ጥለቱ ሰፊና ደማቅ የሆነ የሐበሻ ቀሚስዎን ከወርቅ ጌጥ ጋር ቢለብሱ ያምርብዎታል፤ ሆኖም ነጭና ቀይ ጥለት ያለውን ይተዉት፣ የሙሽራዋ ቀለም ነውና። ሳሪ ለመልበስ ከፈለጉ ደግሞ እነርሱ ጫፉን ከኋላ አምጥተው በቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ስለሚያወርዱት ጥለቱ ደረት ላይ እንደሚታይ ልብ ይበሉ፤ በፎቶ የለመድነው በግራ ትከሻ ወደ ኋላ የሚጣለው ሌላው አለባበስ ነው።

ጥያቄ፦ በገበያ «ፓቶላ» ብለው በርካሽ ሳሪ አሳዩኝ። ትክክለኛውን እንዴት ልለየው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ርካሽ ከሆነ የፓታን ፓቶላ አይደለም። ፓታን ከአህመዳባድ በስተሰሜን 125 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጥንት መዲና ናት፤ በዚያ የሳልቪ ቤተሰቦች ሸማኔዎች ሐሩን ከመሸመናቸው በፊት ድሩንም ማጉንም በንድፉ ልክ እየቋጠሩ በየተራ ቀለም ይነክሩታል። ከዚያ ሲሸመን የድሩ ቀይ ከማጉ ቀይ ጋር በትክክል መገናኘት አለበት፤ ክሩ በጥቂቱ እንኳ ቢሸሽ ምስሉ ይበላሻል። የሸማኔ ቤት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንዱን ሳሪ ለመጨረስ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ ዋጋው ከመቶ ሺህ ሩፒ በላይ ነው። በራጅኮት የሚሠራው በአብዛኛው ማጉ ብቻ የተነከረ ስለሆነ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ ማታለል አይደለም፣ ሻጩ ይህንኑ እስከ ተናገረ ድረስ። እውነተኛው የፓታን ሥራ ከሁለቱም ወገን አንድ ነው፣ ገበርና ላይ የለውም፤ የምስሉም ጠርዝ እንደ ኅትመት የተቆረጠ ሳይሆን በትንሹ የሳሳ ነው።

እኔ ራሴ የተታለልኩት በፓቶላ ሳይሆን በ«ባንድኒ» ነው። ባንድኒ ጨርቁ ቀለም ከመነከሩ በፊት በጥፍር ጫፍ እየተቆነጠጠ በክር የሚቋጠርበት ሥራ ሲሆን፣ ቋጠሮው ሲፈታ ቀለም ያልደረሰባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይቀራሉ። አንድ ነጋዴ የሸጠልኝን በመብራት ስገለብጠው ነጠብጣቡ ሁሉ እኩል፣ ጨርቁም ለጥ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ የታተመ ነበር። የተቋጠረ ጨርቅ ግን ትንሽ ይሸበሸባል፤ ከሻጩ ፊት ጎተት አድርገው ቢለቁት ተመልሶ ይኮማተራል። እንዲያውም ቋጠሮው ሳይፈታ የሚሸጥ ካገኙ ከዚያ የበለጠ ማረጋገጫ የለም።

ገንዘብ ሳያወጡ ምርጡን ለማየት ከፈለጉ በ1949 የተመሠረተው የካሊኮ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ፤ ቀድመው ካላስመዘገቡ ግን አይገቡም፣ ፎቶ ማንሣትም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ጋንዲ በአህመዳባድ ኖሯል? ክር መፍተሉስ ከዚያ ጋር ይያያዛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አዎን። ከደቡብ አፍሪካ በተመለሰበት በ1915 በኮችራብ፣ ከ1917 ጀምሮም በሳባርማቲ ወንዝ ዳር በመሠረተው አሽራም፣ ማለትም ከተከታዮቹ ጋር በማኅበር በሚኖርበት ገዳም መሰል ግቢ፣ ኖሯል። የሚገርመው የቦታው ምርጫ ነው። በ1861 የመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ የተከፈተባት አህመዳባድ በጭስ ማውጫዎቿ ብዛት «የምሥራቅ ማንቸስተር» ትባል ነበር፤ ጋንዲ በፋብሪካዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕዝቡ በእጁ እንዲፈትልና በእጅ የተሸመነውን «ካዲ» እንዲለብስ አስተማረ። መጋቢት 12 ቀን 1930 ከ78 ተከታዮቹ ጋር የጨው ቀረጥን ለመቃወም ወደ ዳንዲ በእግሩ የተነሣው ከዚሁ ግቢ ነው። ቤቱ አሁንም አለ፤ የእንዝርትን ድምፅ እየሰማ ላደገ ሰው እዚያ የተቀመጠችው የመፍተያ መንኮራኩር እንግዳ አትሆንበትም።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚታይ ነገር አለ? ምን እንልበስ? መቼስ ይሻላል? (ከአቡዳቢ)

መልስ፦ ከከተማው በስተሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዳላጅ ይሂዱ። በ1499 የተጠናቀቀው የውሃ ጉድጓድ በደረጃ አምስት ፎቅ ወደ መሬት ይወረድበታል፤ ግድግዳው በሙሉ የተቀረጸ ነው፣ እየወረዱ በሄዱ ቁጥርም አየሩ ይቀዘቅዛል። ጠርዙ ላይ መከለያ የሌለባቸው ስፍራዎች ስላሉ የትንንሾቹን እጅ አይልቀቁ። በመስጊድና በቤተ መቅደስ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ካልሲ ይዘው ይግቡ፤ የግቢው ድንጋይ በቀትር እግር ያቃጥላልና። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በተለይ ጥር 14 ቀን ከደረሱ የከተማው ሰው ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ በወረቀት የተሠራ ካይት በነፋስ ያበርራል። የካይቱ ክር በተፈጨ ብርጭቆ የተለበጠ ስለሆነ ልጆቹ በእጃቸው እንዳይይዙት።